ከክሬዮን የተፈለፈለ ቀበሮ

ጽሑፌን በጥያቄ ልጀምር፡፡ ክሬዮን፣ ማለትም ልጆች የሚቀቡበት የሰም ከለር፣ ሲሰበር ውስጡን አይታችሁት ታውቃላችሁ? አንዳንዱ መሐል ለመሐል ቀጭን ባዶ ቀዳዳ አለው፡፡ እኔ ይህችን ቀዳዳ ያወቅኋት የታናሽ ወንድሜን ሰባት ከለር ፈጅቼ፣ እናቴም አርጩሜ ፍለጋ ከተነሣች በኋላ ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም አጠገብ ካለው የቤተሰቦቼ ቤት ሄጄ ሳለ ስልኬ ላይ የአንዲት ሠዓሊ ሥራ አየሁ፡፡ ዲየም ቻው ትባላለች፤ ቬትናም ተወልዳ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የምትሠራ ናት፡፡ ከአንዲት ክሬዮን ጫፍ ላይ ሙሉ እንስሳ ታወጣለች፡፡ የታችኛው ክፍል ክሬዮን እንደሆነ ይቀራል፤ ላዩ ጆሮ፣ አፍንጫና እግር ያለው ፍጥረት ነው፡፡ ‹‹ይሄማ ምን ይከብዳል!›› አልኩ፡፡ ከብት ስጠብቅ ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬ እየሠራሁ፣ በሾህ ቀንድ እየተከልኩለት፣ ከጓደኞቼ በሬ ጋር እያዋጋሁ ያደግኩ ሰው ነኝ'ኮ! ጭቃና ሰም ግን ለየቅል ናቸው፡፡ ጭቃ ከተሳሳትክ መልሰህ ትለጥፈዋለህ፡፡ ክሬዮን ላይ ግን የምትሠራው በመቀነስ ብቻ ነው፡፡ አንዴ የተቆረጠ ጆሮ አይመለስም፡፡

ወንድሜ ሦስተኛ ክፍል ነው፡፡ አሥራ ሁለት ፍሬ ያለበት ፓኬት ነበረው፡፡ ሰባቱን በሦስት ቀን ጨረስኩ፤ የተረፈኝ ጉማሬ የሚመስል አንድ ነገር ነው (ወንድሜ ‹‹ድንች ነው›› ብሏል)፡፡ ልጁ ሲያለቅስ ለሰባቱም አልነበረም፤ ለቡናማውና ለቀዩ ነበር፡፡ ‹‹ጋሼ፣ ተራራና ቤት በምን ልቀባ ነው?›› አለኝ፡፡ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፡፡ ካሣ ይሆነው ዘንድ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቀይ ቀበሮ ቀርጬ ልሰጠው ቃል ገባሁ፡፡ ይህ ጽሑፍ ያቺን ቃል ለመጠበቅ ስታገል የተማርኩት ነው፡፡

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው፡፡ ክሬዮን በአብዛኛው ፓራፊን የተባለ ሰም ከቀለም ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው፡፡ ፓራፊን ከንብ አይገኝም፤ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ነው፡፡ መብራት ሲጠፋ የምናበራው የሱቅ ሻማም አብዛኛው ከዚሁ ነው፡፡ ስሙ የገነነው ክራዮላ የተባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1903 ቢኒ እና ስሚዝ በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ገበያ ላይ ሲውል ስምንት ቀለም የያዘ ፓኬት በ5 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፡፡ ኩባንያው ከዚያ ቀደም ብሎ ለትምህርት ቤቶች አቧራው ያነሰ ጠመኔ ይሠራ ነበር፡፡ ‹ክራዮላ› የሚለውን ስም ያወጣችው የአንደኛው ባለቤት ሚስት፣ አስተማሪ የነበረችው አሊስ ቢኒ ስትሆን የስሙ መነሻ ‹ክሬ› በፈረንሳይኛ ጠመኔ ማለት ነው፡፡ እንግዲህ ሌክቸር ሲሰለቻቸው ጠመኔ ላይ የፍቅረኛቸውን ስም የሚፈለፍሉ የክፍሌ ልጆች (ራሳቸውን ያውቃሉ) የዚህ ሙያ የሥጋ ዘመዶች ናቸው ማለት ነው፡፡

ወደ ቀዳዳዋ ልመለስ፡፡ ክሬዮን ሲሠራ የቀለጠው ሰም ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስስና ከውጭ በውሃ ይቀዘቅዛል፡፡ ሰም ሲረጋ ይኮማተራል፡፡ ቀድሞ የሚረጋው ዳሩ ነው፤ መሐሉ መጨረሻ ላይ ሲኮማተር የሚሞላው ነገር ያጣና ባዶ ይቀራል፡፡ ለሚቀባ ልጅ ይህ ምኑም አይደለም፡፡ ለሚቀርጽ ሰው ግን ጠላት ነው፤ አንገቱን ስታቀጥኑት ምላጩ ቀዳዳው ላይ ይደርስና ጭንቅላቱ ዱብ! ይላል፡፡ ስለዚህ አሁን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ከግርጌው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቆርጬ መሐሉን አያለሁ፡፡ ባዶ ከሆነ ለማቅለጫ ይቀመጣል እንጂ አይቀረጽም፡፡

ሌላው ነገር ሙቀት ነው፡፡ ይህን የነገረኝ የለም፤ ጣቴ ነው ያስተማረኝ፡፡ ክሬዮን በ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መላላት ይጀምራል፤ ከ50 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይቀልጣል፡፡ የሰውነታችን ሙቀት 37 ነው፡፡ ስለዚህ ክሬዮኑን መዳፍ ውስጥ ጨብጦ ትንሽ መቆየት ብቻውን ሥራውን ግማሽ ያቀለዋል፡፡ ልኩን የሚነግራችሁ ፍቅፋቂው ነው፡፡ እንደ ዱቄት ከረገፈ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ብትጫኑት ይሰነጠቃል፡፡ እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ከወረደ ልክ ነው፡፡ ምላጩ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ሞቋል፤ አስቀምጣችሁት ሻይ ጠጡ፡፡ እኛ ቤት በክረምት ጠዋት ብርድ ስለሆነ ሰሙ እንደ መስታወት ይሰበራል፡፡ ግቢ ስመለስ ደግሞ በሚያዝያ ቀትር ቆርቆሮ ጣራ ሥር የቆመ ዝንጀሮዬ ማታ ሳገኘው ሰግዶ ነበር፡፡

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም፡፡ ግማሽ ምላጭ (አንዱ ጎኑ በፕላስተር የተጠቀለለ)፣ የእናቴ ወስፌ፣ እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ የተሰካ መርፌ፣ ስቴኪኒና አሮጌ ነጠላ ይበቃል፡፡ ብራዚል ተወልዶ አሜሪካ የሚኖረው አናጢው ዳልተን ጌቲ ከእርሳስ ጫፍ ላይ፣ ከዚያች ከጥቁሯ መጻፊያ፣ ፊደላትንና ዕቃዎችን የሚፈለፍለው በልብስ መርፌና በምላጭ ነው፡፡ ከኤ እስከ ዜድ ያሉትን ፊደላት ብቻ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል፡፡ የተሰበሩበትንም አይጥላቸውም፤ ሰብስቦ ያስቀምጣቸዋል፡፡ ይህን ካነበብኩ በኋላ ለሰባቱ ከለር የነበረኝ ጸጸት ትንሽ ቀለለልኝ፡፡

ዋናው ጥበብ ያለው እንስሳውን መምረጡ ላይ ነው፡፡ ክሬዮን 8 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረትና 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፡፡ የምትቀርጹት ፍጥረት ሁለመናው እዚያ ምሰሶ ውስጥ መግባት አለበት፡፡ ከሱ ውጪ የሚሄድ ክንፍ፣ ክንድ ወይም ቀንድ የለም፡፡ ለጀማሪ ጉማሬ ይመከራል፡፡ ጣናና ዓባይ አፍ ላይ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ጉማሬ ራሱ ግንድ ነው፤ እግሩ አጭር፣ ጆሮው ጠብታ፣ አንገት የሚባል ነገር የለውም፡፡ ቁጭ ያለ ጭላዳም ጥሩ ነው፤ ጎፈሬው አንገቱን ስለሚሸፍን ራሱን ሳይሰብሩ ለመቅረጽ ይመቻል፡፡ ዋልያ ከባድ ቢመስልም ቀንዱ ወደ ኋላ ወደ ጀርባው ስለሚቆለመም ከምሰሶው አይወጣም፡፡ የደጋ አጋዘን ግን ቀንዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጎንና ወደ ላይ ስለሚከፈት ሦስቴ ሞክሬ ትቼዋለሁ፡፡

ሲጀመር በመርፌ አራቱም ጎን ላይ ይነደፋል፤ የፊት፣ የኋላ፣ የግራና የቀኝ፡፡ በአንድ ጎን ብቻ ነድፎ የጀመረ ሰው ሦስት ጆሮ ያለው እንስሳ ይወልዳል፡፡ (አዎ፣ ወልጃለሁ፡፡) ከዚያ ከትልቁ ወደ ትንሹ ነው፤ መጀመሪያ ጭንቅላትና ገላ በሻካራው ይለያሉ፤ ዓይንና አፍንጫ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፡፡ በእግሮቹ መካከል ያለው ሰም ሁሉም ነገር እስኪያልቅ አይነካም፤ ደጋፊው እሱ ነውና፡፡ ምላጭ ምንጊዜም ከአውራ ጣት ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ ወደ ራስ አይሳብም፡፡ ማለስለሻው ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ነጠላ ነው፡፡ ብርጭቆ ወረቀት አትሞክሩ፤ ወዲያው በሰም ይደፈናል፡፡

ሁለተኛ ቀለም ማስገባት ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ የጭላዳን ቀይ ደረት፣ ቦታው በወስፌ ትንሽ ይቦረቦራል፡፡ መርፌ በኩራዝ ይሞቅና ቀዩን ክሬዮን ነክቶ ጠብታዋን እጉድጓዷ ውስጥ ያሳርፋል፡፡ ስትረጋ ትርፉ በምላጭ ይላጋል፡፡ አንጥረኛ ብር ላይ ወርቅ ሲያስገባ የሚያደርገውን ዓይነት ነው፡፡

አንጥረኛ ካልኩ አይቀር አያቴን ላምጣት፡፡ አያቴ እኛ ጋ ነው የምትኖረው፡፡ በጋብቻ የመጣች እንጂ ትውልዷ ቢቡኝ ነው፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፡፡ ከምድጃው ማዶ ሆና ለሁለት ቀን ዝም ብላ ስትመለከተኝ ቆየችና በሦስተኛው ቀን፣ ‹‹ተማር ብለን ብንልክህ የጠይብ ሥራ ይዘህ መጣህ?›› አለችኝ፡፡

ይህችን ቃል አገሩን የማያውቅ ሰው ቀላል ስድብ ሊመስለው ይችላል፡፡ አይደለችም፡፡ በኛ አካባቢ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ‹ቡዳ› እየተባለ ከጋብቻ ሲገለል፣ ማዕድ ሲለዩበት ኖሯል፡፡ በሠራው ማረሻ እያረሱ፣ በሠራችው ምጣድ እየጋገሩ! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲተው አዋጅ አስነግረው ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ አንድ መቶ ዓመት አልፎ ቃሉ ከኛ ምድጃ ዳር አልተነሣም፡፡ በትንሽ የእንስሳት ቅርጽ በአገራችን ስማቸው ከሚነሣው ቀዳሚዎቹ ደግሞ እነዚሁ የተገለሉ ናቸው፡፡ ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ አንበሶችን፣ ሰዎችን፣ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን እየሠሩ ለመንገደኛና ለቱሪስት ይሸጡ ነበር፡፡ አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ሥራውን ግን ጎረቤቶቻቸው ይዘውት ቀሩ፡፡ ከእጃቸው የወጣውን አንበሳ ሳሎን አስቀምጦ፣ ሠሪዋን ቤት አለማስገባት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አይገባኝም፡፡

ለአያቴ ይህን ሁሉ አላልኳትም፤ ማን ደፍሮ! ‹‹እምዬ፣ ሰም ነው'ኮ፡፡ ሰምና ወርቅ የሚሉት ከዚሁ ነው የመጣው›› አልኳት፡፡ እውነትም ነው፡፡ ጎጃም የቅኔ አገር እንደመሆኑ ሰምና ወርቅን ሁላችንም እንጠራለን፤ መነሻው ግን የአንጥረኛ ቤት መሆኑን እንረሳለን፡፡ አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ ወይም መስቀል መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፡፡ ሰሙን በጭቃ ይመርገዋል፡፡ ጭቃውን ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና የሱን ቅርጽ የያዘ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ወርቁ ወይም ነሐሱ እዚያ ይፈስሳል፡፡ በዛጉዌ ዘመን የተሠሩ የነሐስ መስቀሎችም በዚህ መንገድ የወጡ ናቸው፡፡ ስለዚህ ከያንዳንዱ በፊት ማንም ያላስቀመጠው አንድ የሰም መስቀል ነበረ፡፡ ክሬዮን የሚቀርጽ ሰው እንግዲህ ሰሙ ላይ የቆመ፣ ወርቁ ያልደረሰው አንጥረኛ ነው፡፡

አያቴ ለቅኔው ምላሽ አልሰጠችም፡፡ እጄ ላይ ያለውን ግን ወሰደችና ወደ ብርሃን አቅርባ አየችው፡፡ ‹‹ምንድነው ይሄ?››

‹‹ቀይ ቀበሮ፡፡››

‹‹ውሻ ነው!›› አለች፡፡ ‹‹ቀበሮ አፉ ሹል ነው፡፡ ጉሮሮው ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር፡፡ ደግሞ መቼ እንዲህ እንደ ሰው ይቀመጣል? የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ነው የሚቆም፡፡ ከብት ስንጠብቅ እስኪነቃነቅ እየጠበቅን ይመሽብን ነበር፡፡››

ያን ቀን ሥራውን እንደገና ጀመርኩ፡፡ የቆመ ቀበሮ በ8 ሚሊ ሜትር ውስጥ እንዴት ይገባል? መልሱ ክሬዮኑን ማጋደም ነው፡፡ ርዝመቱ የገላው ርዝመት፣ ውፍረቱ ደግሞ ከእግር እስከ ጆሮ ያለው ቁመት ይሆናል፡፡ አፉ ሹል እንዲሆን ክሬዮኑ ራሱ የሾለበትን ጫፍ ተጠቀምኩበት፡፡ ጅራቱን ወደ ኋላ ስዘረጋው ሁለቴ ተሰበረ፤ በሦስተኛው ከኋላ እግሩ ጋር አስጠግቼ ጫፉን ብቻ ለቀቅኩት፡፡ ጉሮሮውን በነጭ ሞላሁት፡፡ ጥቁሩን የጅራት ጫፍ ግን መሙላት አይቻልም፤ ቀጭን ነው፡፡ ከጥቁር ክሬዮን የተቆረጠች ቁራጭ በጋለ መርፌ አጣበቅኩ፡፡ ይህቺ መገጣጠሚያ ደካማ እንደሆነች ያን ጊዜም ታውቆኝ ነበር፡፡

በመስከረም ወደ ግቢ ስመለስ ከወንድሜ ተውሼው መጣሁ፡፡ በተማሪዎች የሥራ ትርኢት ላይ ከጉማሬውና ከጭላዳው ጋር አቀረብኩት፡፡ ሥሩም በካርቶን ላይ ‹‹ቀይ ቀበሮ፡፡ በጎጃም ጮቄ ተራራ ይገኛል›› ብዬ ጻፍኩ፡፡ አንድ የባዮሎጂ ተማሪ ቆሞ አነበበና፣ ‹‹መቼ ነው ያየኸው?›› አለኝ፡፡ ‹‹አያቴ አይታለች፡፡›› ‹‹አያትህን መቼ ብለህ ጠየቅካት?››

አልጠየቅኳትም፡፡ ሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ፣ ‹መቼ› የሚለውን ጥያቄ! ማታ ላይብረሪ ገብቼ ፈለግኩ፡፡ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፡፡ የጎልማሶቹ ቁጥር ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው፡፡ የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በደቡብ ወሎ ደጋዎች ተበታትነዋል፡፡ ጮቄ የለም፡፡ ከጎጃም ጠፍቷል፡፡ ቀበሮው ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ባለ የሣር ሜዳ ላይ አይጥና ፍልፈል እየያዘ የሚኖር ነው፡፡ እርሻና ግጦሽ ተራራውን ሽቅብ ሲወጣ የሚሸሸው ወደ ላይ ነው፤ ጮቄ ደግሞ በአራት ሺህ አንድ መቶ ሜትር ገደማ ያልቃል፡፡ ከዚያ በላይ ሰማይ ነው፡፡ ባሉበት ቦታም ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ይጨርሳቸዋል፡፡

በነጋታው ካርቶኑን ገልብጬ ‹‹ቀይ ቀበሮ፡፡ በጎጃም ጮቄ ተራራ ይገኝ ነበር›› ብዬ ጻፍኩ፡፡ አንዲት ‹ነበር› ለመጨመር አንድ ሌሊት ፈጀብኝ፡፡

ለገና ስሄድ ለአያቴ ነገርኳት፡፡ ‹‹እምዬ፣ ያ የነገርሽኝ ቀበሮ'ኮ ከጮቄ ጠፍቷል፡፡›› ጥጥ እየፈተለች ነበር፡፡ እንዝርቷን አቆመች፡፡ ‹‹ገብሱ ወጣበታ›› አለች፤ ‹‹እኛም ነን ያረስነው፡፡ ምን እንብላ?›› ለዚህም መልስ አልነበረኝም፡፡ ወንድሜ ግን ሰማና፣ ‹‹እንግዲያ ጎጃም ውስጥ ያለው ቀበሮ የኔ ብቻ ነው?›› አለ፡፡

ስለ ሰም አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመሞከር ለምትፈልጉ ይጠቅማችኋል፡፡ አያቴ ጠጅ ስትጥል የሚተርፈውን ሰፈፍ በውሃ አፍልታ፣ በጨርቅ ጨምቃ፣ ላዩ ላይ የሚረጋውን ንጹሕ ሰም ለጧፍ ታስቀምጣለች፡፡ የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፤ ከፓራፊን ይልቅ ሲታጠፍ ይታዘዛል፣ ቶሎ አይሰበርም፡፡ ቀዳዳ ያላቸውን ክሬዮኖች አቅልጬ ሩብ ያህሉን የሷን ሰም ቀላቅዬ በመቃ ውስጥ ባፈስሰው ጥሩ ‹የአገር ውስጥ ክሬዮን› ወጣልኝ፡፡ ከሩብ ሲበልጥ ምላጩ ላይ እየተለጠፈ ዓይንና አፍንጫ በደንብ አይወጣም፡፡ ሲያቀልጡ ድስቱን በቀጥታ እሳት ላይ አይጥዱ፤ ትልቅ ድስት ውሃ ውስጥ ትንሽ ጣሳ ይቀመጥ፡፡ ሰም ከጋለ እንደ ጋዝ ነው የሚነደው፡፡

ቀበሮውን ወንድሜ ትምህርት ቤት እየወሰደ እንዳይሰብረው አያቴ ተረክባዋለች፡፡ ለፋሲካ ስሄድ ከጧፎቿ ጋር በአንድ ሙዳይ ውስጥ አገኘሁት፡፡ ‹‹እምዬ፣ እዚህ ምድጃ አጠገብ ይቀልጣል'ኮ!›› ብላት፣ ‹‹ሰም ከሰም ጋር ምን ይሆናል? ይልቅ ጅራቱን እየው›› አለችኝ፡፡ ያቺ ደካማ መገጣጠሚያ ለቅቃ ጥቁሯ ጫፍ ወድቃ ጠፍታ ኖሯል፡፡ አያቴ በጧፍ አድርጋ፣ በጣቷ ጠቅልላ፣ ራሷ ሠርታ ቀጥላበታለች፡፡ በምላጬ ብጎረጉራት አልለቅ አለች፤ ከኔዋ ትጠነክራለች፡፡ ቀለሟ ግን ጥቁር አይደለም፣ እንደ ጧፉ ቢጫ ነው፡፡

‹‹የጠይብ ሥራ'ኮ ነው ይሄ፣ እምዬ›› አልኳት፡፡

‹‹ዝም በል!›› አለችና ሙዳዩን ከደነችው፡፡